ስምንት ገበያ ያስጠበቀኝ ቢላ

ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ተራራ ድረስ እንደ እኔ የበሬ ብልት የሚያወጣ ሰው አልተወለደም።

ይህን ትናንት ብፖስተው ኖሮ ላይክ ታደርጉልኝ ነበር። ዛሬ ግን ግማሾቻችሁ ላይቩን አይታችኋል!

ላላያችሁ እኔው ልንገራችሁ። ከሌላ ሰው ብትሰሙት ይጋነናል። እኔም አጋንናለሁ፤ ግን ለራሴ እያዘንሁ ነው።

እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር አሥራ ሁለት ቤት ሆነን በየፋሲካው አንድ በሬ ቅርጫ እንገባለን። ላለፉት ስድስት ዓመታት ብልት አውጪው እኔ ነኝ። መደቡን አስተካክዬ ሳወጣ አንድም ቤት "የእኔ አነሰ" ብሎ አያውቅም።

እንዴት እንደማወጣ ግን ማንም አላየም።

የግቢው ጥግ ላይ ነጭ አንሶላ አስወጥሬ፣ ከአንሶላው ጀርባ ብቻዬን ገብቼ ነው የምሠራው። ሲጠይቁኝ "የአያቴ ምስጢር ነው፣ ዓይን አይወድም" እላለሁ። ስድስት ዓመት አመኑኝ! እንዲያውም አንዳንዱ ከአንሶላው ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀምሮ ነበር።

ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሲል ለቅርጫው ተሰበሰብን። ጎረቤቴ መምህር አለኸኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ እጁን አወጣ።

"ዘንድሮ አንሶላው ይቅርና ወጉን እኛም እንየው። ጋሼ ካልተመቸው እኔ አወጣዋለሁ።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም! ባለቤቴ ውድነሽ ሳትቀር!

አስቡት እስኪ። የስድስት ዓመት ሥልጣኔን አንድ ባለ ጠመኔ ሊወስደው! ነገ ሥጋውን በፕሮትራክተር ሊለካው!

"ይታያል! በአደባባይ ይታያል!" ብዬ ፎክሬ ወጣሁ። ውጭ ስደርስ ግን ፈራሁ። የፈራሁበትን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አሁን አትቸኩሉ።

መፍትሔው ግን ወዲያው መጣልኝ። ልዩ ቢላ! በእጄ ልክ የተሠራ፣ ገና ስይዘው ራሱ መንገዱን የሚያውቅ ቢላ።

በማግሥቱ የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራና አንድ የበሬ ቀንድ ተሸክሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ አምበር ወረድሁ። እዚያ አያ ዳምጤ የሚባሉ ባለእጅ አሉ። ስድሳውን ያለፉ፣ ከገበያው ዳር ወናፋቸውን ዘርግተው የሚሠሩ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ማጭድ የያዘ ገበሬ ሁለተኛ ማጭድ አይገዛም ይባላል።

"ምን ይሁንልህ?" አሉኝ።

"ቢላ፣ አያ ዳምጤ። ግን የገበያ ቢላ አይደለም። ዲዛይኑን በስልኬ ይዤዋለሁ።"

ስልኩን ተቀብለው አዘቀዘቁት፣ አቃኑት። "ይኼ ቢላ ነው ወይስ ዓሣ?"

ዲዛይኑን ተውነው።

ከዚያ የለሰለሰ ጭቃ አድበልብለው ሰጡኝ። "ጨብጥ። እጀታውን የምቀርጸው በጭብጥህ ልክ ነው።"

ቀኝ እጄን ዘርግቼ ጨበጥሁ። ሌላ ምን ልዘርጋ? ጨዋ ሰው ነኝ።

ጭቃውን ወደ ብርሃን አድርገው ብዙ አዩት። "በሁለተኛው ገበያ ና።"

በሁለተኛው ገበያ ሄድሁ። ከሰል የለም።

በሦስተኛው ሄድሁ። "ዛሬ ሚካኤል ነው፤ መዶሻ አላነሣም።" እሺ፣ ሚካኤልን ምን እለዋለሁ?

በአራተኛው ሄድሁ። ቀንዱ አልደረቀም አሉኝ። ወገኖቼ፣ በሬው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው!

የሚገርመው፣ በሄድሁ ቁጥር ያ ጭቃ ይመጣል።

"እስኪ እንደገና ጨብጥ።"

"አያ ዳምጤ፣ ባለፈውም ጨብጫለሁ እኮ!"

"ያኛው እጅ ደስ አላለኝም።"

እጄ ደስ አላላቸውም! መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ፋይል የተሸከመ እጅ!

እንግዲህ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ዝም አልልም። ፖስት ጀመርሁ። "አምበር የታሰረ ቢላ አለኝ" አልሁ። #ቢላዬን_ፍቱ የሚል ሃሽታግ አወጣሁ። ሼር አደረጋችሁልኝ። አንድ ሰው እንዲያውም ሻማ ይዘን እንውጣ ብሎ ኮሜንት ጻፈ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በስድስተኛው ገበያ ቁጣዬን አንጠልጥዬ ደረስሁ። አያ ዳምጤ ከሰሉ ዳር ድንች ጠብሰው ይበላሉ። እኔ ቆሜ ስለ ቀጠሮ ክብር፣ ስለ ደንበኛ መብት፣ ስለ ሠለጠነው ዓለም ንግግር ሳደርግ ድንገት "እንካ!" ብለው ድንች ወረወሩልኝ።

ቀለብሁት። ትኩስ ነበር። እየተንገበገብሁ በላሁት።

አያ ዳምጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ጥሩ። አሁን እጀታውን እጀምራለሁ። ከበዓሉ በፊት ባለው ገበያ ና።"

ድንች መቅለብና ቢላ ምን ያገናኛቸዋል? ሰውዬው አርጅተዋል ብዬ አዘንሁላቸው። እኔ! ለእሳቸው!

ዛሬ ስምንተኛው ገበያ ነው። ፋሲካ እሑድ ነው። ቢላው ዛሬ ካልመጣ ብልት ማውጣቱ የመምህር አለኸኝ፣ ውርደቱ የእኔ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ላይቭ ገባሁ!

ስልኬን የጤፍ ጆንያ ላይ አስደግፌ፣ ከአያ ዳምጤ ፊት ቆሜ፣ "ወገኖቼ፣ ስምንት ገበያ የተንከራተትሁበትን ጉዳይ ዛሬ በቀጥታ ታያላችሁ!" አልሁ። ውድነሽ ገባች። መምህር አለኸኝ ገባ። የቅርጫው ሰው በሙሉ ተራ በተራ ገባ። በዚያ አገር ሰላም ለማለት እንኳ የሚቆራረጠው ኔትወርክ ዛሬ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ!

አያ ዳምጤ ቀስ ብለው ከጨርቅ ፈቱት።

እውነቱን ልናገር? ስለቱ ውስጥ ጢሜን አየሁት፤ ሽበቶቹን አንድ በአንድ። እጀታው የዚያ ቀንድ ነው ብላችሁ አታምኑም፤ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ ለአውራ ጣት ማረፊያ ጎድጎድ ያለ ቦታ ያለው።

ለመሞከሪያ አንድ ቁራጭ ጠፍር ዘረጉልኝ። ወደ ካሜራው ፈገግ ብዬ ቢላውን በቀኝ እጄ ጨበጥሁ።

አውራ ጣቴ ማረፊያ አጣ።

ማረፊያው በዚያኛው በኩል ነው! ጫን ብዬ ልቆርጥ ስል ቢላው እጄ ውስጥ ዞረ፣ ጠፍሩ አመለጠ፣ እኔም አጠገቤ የነበረውን የሽንኩርት ጆንያ ወጋሁት።

"ኧረ በእመቤቴ! ሽንኩርቴ ምን አደረገህ?" አለች ባለሽንኩርቷ።

በላይቭ! ሽንኩርት ወጋሁ!

ቢላውን መሬት አስቀምጬ ሁለት እጄን ወገቤ ላይ ጣልሁ። "አያ ዳምጤ! ስምንት ገበያ አስጠብቀው ይኼን ነው የሰጡኝ? ይኼ ለማን እጅ የተሠራ ነው?"

እሳቸው ጎንበስ ብለው ከከሰሉ ዳር አንድ ድንች አነሡ።

"እንካ!"

ቀለብሁት።

ገበያው እጄን አየ። እኔም እጄን አየሁ። ካሜራውም አየ።

ድንቹ ያለው በግራ እጄ ነው።

"በዚያው አንሣው" አሉኝ አያ ዳምጤ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

በግራ እጄ አነሣሁት። አውራ ጣቴ ያችን ጎድጓዳ አገኛት፤ ጣቶቼ አንድ በአንድ ገቡ፤ ተወልጄ እስካሁን ዕቃ እንዲያ ይዤ አላውቅም። ጠፍሩን ነካ አደረግሁት፤ ለሁለት ተከፈለ። መቆረጡን ጠፍሩ ራሱ የሰማው ከእኔ በኋላ ነው።

"ስለቱ በሁለተኛው ገበያ አልቋል" አሉ አያ ዳምጤ። "የጠበቅሁት እጅህን ነው። ስልክህን በግራ ታወጣለህ፣ ባርኔጣህን በግራ ታቃናለህ፣ ጭቃ ስሰጥህ ግን የእንግዳ እጅ ታመጣልኛለህ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ አያ ዳምጤ?"

"ራስህ ያልነገርኸኝን ገበያ መሀል እኔ እንዳወራው? ደጋግሜ ጨብጥ ያልሁህ እኮ እንድትነግረኝ ነው። ዛሬም ቢሆን ድንች ሰጠሁህ እንጂ ምን ተናገርሁ?"

እውነታቸውን ነው። ምንም አልተናገሩም። ሰው የሰበሰብሁት እኔ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ግራ እጄን በመቀነቷ ከወገቤ ጋር ታስረው ነበር። ለክፋት አይደለም፤ ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ነው። ቀኜ ሰላምታ ተማረ፣ ጉርሻ ተማረ፣ ፊርማም ተማረ። ቢላ ግን እምቢ አለ። አንሶላውም ፍርሃቴም ለዚህ ነበር። በልኩ የተሠራ ቢላ ብሰጠው፣ ቀኜ በስተርጅና ይማራል ብዬ አሰብሁ። ሞኝነት!

ስልኬን ላነሣ ሄድሁ። ላይቩ አሁንም ይሠራል።

የውድነሽ ኮሜንት፦ "እሰይ! አሁን አንሶላዬን አጥበህ መልስ!"

የመምህር አለኸኝ፦ "ጋሼ፣ ስድስት ዓመት የበላነው በግራ የወጣ ብልት ነው? ጣፍጦን ነበር እኮ! እሑድ ወንበር ይዘን እንመጣለን፤ ቢላውን አንተ ያዝ።"

ወንበር ይዘው ሊመጡ ነው! እንደ ስታዲየም!

ይምጡ። የሚቆረጠውን ያያሉ። ይህን ቢላ ስይዝ በሬው ራሱ ያጨበጭብልኛል።

አያ ዳምጤ ፌስቡክ የላቸውም፤ ስለዚህ ይቅርታውን ፊታቸው ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ጠየቅሁ። ስለ እሳቸው የለጠፍሁትን ሁሉ አጥፍቻለሁ። እናንተም ሃሽታጉን ተዉት፤ ቢላው ተፈትቷል። የወጋሁትን ሽንኩርት በሙሉ ገዝቼ ለዶሮው ይዤ ገብቻለሁ፤ ውድነሽ እየከተፈች ትስቃለች፤ ዕንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሳቁ አላውቅም።

ለመሆኑ አንድ ሰው የገዛ እጁን እንዲያውቅ ስንት ድንች ይበቃዋል? ለእኔ ሁለት ፈጀ።

ከጠዋት ጀምሮ በኢንቦክስ "የአያትህስ ምስጢር?" ለምትሉኝ ደግሞ፦ አያቴ ሸማኔ ነበሩ። በሬ ሲታረድ ዞር ብለው የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ምስጢሩን የፈጠርሁት እኔ ነኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ግራኝ ነኝ።