ጋሽ ኃይለማርያም ዊንች ሲያስመርጡ

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። ካለም ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይም ከዘመዶቹ ጋር ተጣልቷል። ቴሌቪዥን ይሁን ሶፋ፣ የበር ቁልፍ ይሁን አሮጌ መኪና፣ «የሚያውቅ ሰው» ይዘን ነው የምንሄደው። የሚያውቀው ሰው ከየት እንዳወቀ ጠይቀን አናውቅም። ዕቃውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ከዚያ ከንፈሩን ይመጥጣል። ይኼኔ ሻጩ ይደነግጣል፤ እኛ ደግሞ በሰውዬአችን እንኮራለን።

የካዛንቺስ የሚያውቅ ሰው ጋሽ ኃይለማርያም ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እኛ ግን ማዕረጋቸውን ከፍ አድርገን «ባለሙሉ ሥልጣን አማካሪ» ብለን ሾመናቸዋል። ክረምት ከበጋ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከኡራኤል ወደ እኛ ሰፈር በሚያመጣው መንገድ ዳር ካለችው ካፌ በራፍ ላይ ይሰየማሉ። መኪና የላቸውም። መንጃ ፈቃድም የላቸውም። ስለ መኪና የማያውቁት ነገር ካለ ግን ገና ያልተሠራ መሆን አለበት።

የጋሼ ችግር ዕውቀት ማነሱ አይደለም፤ ጉዳይ ሲያልቅ አይወዱም። ምንም ሐሳብ ይቅረብላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እሱስ ልክ ነው፤ ግን የማታውቀው ነገር አለ።»

ወይዘሮ ሎሚ የውሃ ታንከር ልትገዛ አማከረቻቸው። ፕላስቲክ ስትላቸው የፀሐይን ክፋት፣ ብረት ስትላቸው የዝገትን ክፋት እየተነተኑ ከጥቅምት እስከ ፋሲካ አደረሷት። እሷም እስከዚያው በጄሪካን ስትቀዳ ከረመች። ፀጉር አስተካካዩ ነጋሳ ደግሞ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዓመት ጄኔሬተር ሊገዛ ፈለገ። ቤንዚን ወይስ ናፍጣ የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ፈረቃው ራሱ ቀረ። ጋሼ ታዲያ «አየህ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» ብለው የነጋሳን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉ። ነጋሳ ዓመቱን ሙሉ ግማሹን ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩን ላጭቶ ሲልክ እንደነበር አላነሱበትም።

በ2003 ሐምሌ ግን መጠበቅ የማይችል ጉዳይ መጣ።

ጎረቤቴ ገለታ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለችው። ሥራ አጥታ ሦስት ወር ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ባለቤቱ ዘሪቱ ደግሞ በመስከረም ትወልዳለች። በዚህ መሐል አንድ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ኢሉባቦር ውስጥ፣ ከመቱ ከተማ ማዶ፣ ክረምቱን ሙሉ ሊያሠራው ተስማማ። መኪናዋ ዊንች ይኑራት፣ ሰኞ ጠዋት ቦታው ላይ ትገኝ፤ ካልሆነ ሥራው ለሌላ ይሰጣል ተባለ። ዊንች ማለት ከመኪና ፊት፣ ፓራውልቱ ጋ የሚገጠም ገመድ መጠምጠሚያ ነው። ጭቃ ሲይዝህ ገመዱን ከዛፍ አስረህ ራስህን በራስህ ትጎትታለህ። ገለታ እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው፣ ማክሰኞ ዕለት የሚያውቅ ሰው ይዞ ባምቢስ አካባቢ ወዳለው የሁዘይፋ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። እኔም ለአጃቢነት ተከተልኩ።

ሁዘይፋ ሁለት ዊንቾች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ኤሌክትሪክ ነው፤ በባትሪ ነው የሚሠራው። ሞተሩ ጠፍቶም ይስባል፤ ለመግጠምም ቀላል ነው። ያኛው ደግሞ ሃይድሮሊክ ነው» አለ።

«በቃ፣ ኤሌክትሪኩን ስጠኝ» አለ ገለታ።

ጋሼ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እሱስ ልክ ነው፤ ግን የማታውቀው ነገር አለ። ኤሌክትሪክ እንደ ጎረምሳ ነው፤ አነሳሱ ያስፈራል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከሳበ በኋላ ይግልና ዕረፍት ስጡኝ ይላል። ባትሪህንም ይጨርስብሃል። ሃይድሮሊኩ ግን ከመሪው ፓምፕ የዘይት ግፊት እየወሰደ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ በሬ ይስባል።»

«እሺ፣ ሃይድሮሊኩን።»

«እሱስ ልክ ነው፤ ግን ሞተሩ ከጠፋ ፓምፑ የለም። ፓምፑ ከሌለ ደግሞ ሃይድሮሊክህ ዝም ብሎ የተሸከምከው ብረት ነው።»

ሁዘይፋ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ረቡዕም ሄድን። ረቡዕ ዕለት ጋሼ ኤሌክትሪኩን አመስግነው ጀመሩና ገለታ በሐሳባቸው ሲስማማ ወደ ሃይድሮሊኩ ዞሩ። ሐሙስ ጠዋት አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ።»

«ጋሼ» አለ ሁዘይፋ፣ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሁለቱንም ከተሸከመች መኪናዋ ሌላ ዕቃ መጫን አትችልም።»

በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድ ነገር ታዘብኩ። ጋሽ ኃይለማርያም ጢማቸውን በየቀኑ ይላጩ ነበር፤ አረማመዳቸውም የሃምሳ ዓመት ሰው ሆነ። ዊንቹ የተገዛ ቀን ወደ ካፌዋ ወንበር እንደሚመለሱ ከእኛ በፊት የገባቸው ይመስለኛል።

ገለታ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈነዳ። «ጋሼ፣ ማለቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ገዝቼ ነገ ካላስገጠምኩ ሰኞ አልደርስም። ዘሪቱ ሆዷ ገፍቶ ዓይን ዓይኔን ነው የምታየው። በቃ ይንገሩኝ፤ ይሄኛው ወይስ ያኛው?»

ጋሼ አንዱን አዩ፤ ሌላውን አዩ። ኳ ኳ አላደረጉም፤ ከንፈራቸውንም አልመጠጡም። በመጨረሻ «ሃይድሮሊኩን» አሉ፣ ድምፃቸውን እስኪጠፋ ቀንሰው።

በማግሥቱ ጋራዥ ውስጥ ዊንቹ ሲገጠም ቆመው አዩና «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ። ሳቅን። እኔማ አላፍርም፣ «ጋሼ፣ ከደብረ ዘይት አልፈው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዕቃ ያስመረጠ ሰው ዕቃው ሲሠራ ማየት አለበት» አሉኝ። ቅዳሜ ማለዳ በግራጫ ሙሉ ልብስ፣ በቆዳ ጫማና በጥቁር ጃንጥላ ፒክአፗ ላይ ወጡ። እንደ ሚኒስትር እጃቸውን አውለበለቡልን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ገለታ ነው በስልክ የነገረኝ። እሑድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ጭቃ ያዛቸው፤ ሦስቴም ዊንቹ እየጎተተ አወጣቸው። ጋሼ ከዳር ቆመው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ሙዚቃ ጓድ መሪ ዘንግ ከፍ ዝቅ እያደረጉ «ሳብ! ሳብ!» ሲሉ ነበር። ቀትር ላይ አንድ ወንዝ ደረሱ። መሐል ላይ ውሃው ወደ ሞተሩ ገባና ሞተሩ ጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ቆመ፤ ፓምፑ ሲቆም ያ እንደ በሬ የሚስብ ሃይድሮሊክ ጸጥ አለ።

ገለታ መሪውን በቡጢ መታው። «ኤሌክትሪኩ ቢሆን ኖሮ አሁን በባትሪው ብቻ ያወጣን ነበር!»

«ልክ ነህ» አሉ ጋሼ።

ገለታ «ግን» የምትለዋን ጠበቀ። አልመጣችም። ሰውዬው የሱሪያቸውን ጫፍ ጠቅልለው ከመኪናው ወረዱና እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። «አንተ ንብረትህን ጠብቅ» ብለው በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ፣ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ በቆዳ ጫማ ሄዱ። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ የቡና እርሻ ትራክተር ላይ ተቀምጠው መጡ። ጫማቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ የአንደኛው ሶል ጭራሽ የለም።

ትራክተሩ ጎትቶ አወጣቸው። ውሃውን ከሞተሩ አስወጥተው፣ የአየር ማጣሪያ ፊልትሮውን አድርቀው አስነሱት። ቦታው ሲደርሱ ግን ሰኞ ጠዋት አልፎ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የሥራው ኃላፊ፣ ኢንጂነር መድኃኒት የምትባል ሴት፣ ሰዓቷን አየች።

«ጠዋት ነው የተባባልነው። ሌላ መኪና ልጠራ ነው» አለችው ለገለታ።

ጋሼ ወደ ፊት ወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ልጅ አላጠፋም። ዊንቹን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ መጀመሪያ ትክክለኛውን ይዞ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስጣልኩት።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እኔ…» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ካዛንቺስ ነው የምኖረው። ሠላሳ ዓመት ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ስንቱን ዊንች ፈርሜ አስረክቤአለሁ፤ ሲስብ ግን ያየሁት ገና ትናንት ነው።»

ኢንጂነሯ ጫማቸውን አየች። ከዚያ ሠራተኞቿን ጠርታ፣ «መኪናውን አስገቡት፤ ለአባባም ቦት ጫማ ፈልጉላቸው» አለች።

ጋሽ ኃይለማርያም ሐሙስ ዕለት በአውቶቡስ ተመለሱ። ያን ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ እሳቸው በግራጫ ሙሉ ልብሳቸው ላይ ጥቁር የጎማ ቦት ተጫምተው ካፌዋ በራፍ ላይ ተቀመጡ። ሁላችን ከበብናቸው። ስለ ሰው ጄኔሬተር ሦስት ሰዓት የሚያወሩ ሰው፣ ስለዚህማ እስከ መስቀል እንደሚያወሩ ጠበቅን።

«ጋሼ፣ መንገድ እንዴት ነበር?»

«ዝናብ ነበረ» አሉና ማኪያቷቸውን አማሰሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ይባስ ብሎ ነጋሳ አዲስ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ሊገዛ አስቦ የትኛው ይሻላል ሲላቸው፣ «አላውቅም፤ ሻጩን ጠይቀው» አሉት። ነጋሳ እንደታመመ ሰው አያቸው። እኔ አዘንኩ። ያን ያህል እንደምወዳቸው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላውቅም ነበር። ለስንት ዓመት የቀለድኩባቸው ሰው ዝም ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ጭር ያለ መሰለኝ።

ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ። እኔ ቤት ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱም ሌሊት። ያም ሆኖ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ «ጋሼ፣ የውሃ ማሞቂያ ልገዛ ነበር» አልኳቸው።

«ሻጩን ጠይቀው።»

«ሻጩማ ሁለት ዓይነት አለ ብሎ ግራ አጋባኝ። እርስዎ ካልመጡልኝ አልገዛም።»

ማኪያቷቸውን ጨረሱ፣ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት፣ አላፊ አግዳሚውን አዩ። ቆይተው ቆይተው፣ ቀስ ብለው ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«በኤሌክትሪክ ነው፣» አሉኝ፣ «ወይስ በፀሐይ?»