አንድ አቋም ያለው ሄሊኮፕተር

ታላላቅ ምርጫዎች በታላላቅ ከተሞች ብቻ የሚደረጉ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ፣ ስሙን ከትሕትና የተነሳ በማንጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት የተደረገውን የሄሊኮፕተር ምርጫ ስላልሰማ ነው። ዘመኑ የትራንስፎርሜሽን ዘመን ነበር። ሁሉም ነገር ከነበረበት ተነስቶ ወደ ሌላ ነገር እየተሸጋገረ ስለነበር፣ ባለበት የቆመ ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ምስጋኑ ይባላሉ። "እንደሚታወቀው" ብለው ጀምረው ማንም የማያውቀውን ነገር የሚናገሩ፣ አንድን ጥያቄ ሦስት ንዑስ ጥያቄዎች አድርገው ሳይመልሱ የሚያልፉ፣ የተፈተኑ አመራር ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን አንድ ጭንቀት ነበራቸው። "አቶ ምስጋኑ ወደ ወልድያ፣ ወደ ዞን ሊዛወሩ ነው" የሚል ወሬ ይነፍስ ነበር። ወሬውን ያስወሩት ራሳቸው ስለሆኑ ከታማኝ ምንጭ የመጣ መሆኑን አልተጠራጠሩም። ችግሩ ባለቤታቸው ወለተ ሩፋኤልም አምና ለጎረቤት መንገሯ ነው። ጎረቤት ደግሞ ወግ ያውቃል፤ ጠላ ተጠመቀ፣ በግ ታረደ፣ ወለተ ሩፋኤል ተመረቀች፣ ተለቀሰላት። እሷም በበኩሏ የቤት ዕቃዋን ግማሽ ለወዳጅ ዘመድ አድላ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ የዝውውሩ ነገር ጭጭ አለ። ሴትዮዋ ገበያ ስትወጣ ያገኛት ሁሉ "እንዴት ነው፣ አልሄዳችሁም እንዴ?" እያለ ስለሚያሳቅቃት በጓሮ መንገድ መሄድ ጀምራ ነበር።

በዚህ መሐል የቴክኖሎጂ ሽግግር ቀን ደረሰ። የክብር እንግዳው የዝውውሩ ነገር በእጃቸው ያለ የዞን ሰው፣ አቶ ቢሆነኝ ናቸው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አንድ ቴክኖሎጂ በአዳራሹ እንዲያቀርብ ታዘዘ። አንዱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ሌላው ዘመናዊ ቀፎ፣ ሌላው የውሃ መሳቢያ አዘጋጀ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩ ነገሮች ስለነበሩ ማንንም የሚያስደንቁ አልነበሩም። አቶ ምስጋኑ ግን ባሕር ዳር ለስብሰባ በሄዱ ጊዜ አንድ የሆቴል እንግዳ በእንግዳ መቀበያው ውስጥ ትንሽ ሄሊኮፕተር በሪሞት ሲያበር አይተው ኖሮ፣ ሐሳቡ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልለቀቃቸውም። "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ጨርቅ አንጠልጥለው፣ በራሳቸው እጅ ሪሞቱን ይዘው፣ በእንግዶቹ አናት ላይ አሳልፈው፣ አቶ ቢሆነኝ ፊት ሊያሳርፉ ወሰኑ። አዳራሽ ውስጥ እንዲሆን የተፈለገው የላስታ ነፋስ መመሪያ ስለማይቀበልና የክብር እንግዳ ከምሳ በፊት ከአዳራሽ ስለማይወጣ ነው።

እንግዲህ የሚፈለገው ሄሊኮፕተር አብርሮ የማያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ሊያበረው የሚችል ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። ይህ ማንኛውም ባለሱቅ ሻዩን ሳያስቀምጥ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ለዚህም ሲባል ኮሚቴ ተቋቋመ።

ሰብሳቢው አቶ ምስጋኑ ሆኑ። ጸሐፊዋ በፊዚክስ በመመረቋ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆና የተመደበችው ሔለን ነበረች። አባሉ ደግሞ የንብረት አስተዳደሩ ሰይፈ ሥላሴ ነው፤ ሐሳብ ተነግሮ ሳያልቅ የሚስማማ፣ አንዳንዴም ሳይጀመር የሚስማማ፣ ለኮሚቴ የተፈጠረ ሰው። ጋሸና መገንጠያ ላይ ሱቅ ያለው ሞላ ሦስት ሄሊኮፕተር በሦስት ካርቶን ይዞ መጣ። አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ለሁሉም የታሸገ ውሃ ቀረበ፤ ያልቀረበላቸው ሄሊኮፕተሮቹ ብቻ ነበሩ።

ሞላ መጀመሪያ ትንሿን አስነሳ። መዳፍ የምታክል ናት። ከጠረጴዛው ብድግ ብላ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ግድግዳውን ነካ አድርጋ ተመለሰች፤ ምንም አልሆነችም።

"ጌታው፣ ለቤት ውስጥ ከሆነ ይችን ይውሰዱ" አለ ሞላ። "ብትወድቅ አትሰበር፣ ሰው ብትነካ አትጎዳ። እጁን ላልፈታ ሰው እሷን የሚያህል የለም።"

"እጁን ያልፈታው ማን ነው?" አሉ አቶ ምስጋኑ።

ሞላ በሩን ተመለከተ። ሰይፈ ሥላሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "በዚህ ጽሕፈት ቤት እጁን ያልፈታ አመራር የለም" አለ።

"ካርቶኗም ላይ ለጀማሪ ነው የሚለው" አለች ሔለን። "አቶ ምስጋኑ፣ እርስዎ ከዚህ በፊት አብርረው ያውቃሉ?"

"በቀጥታ አላበረርኩም። ነገር ግን ብዙ መርቻለሁ።"

ይህ መልስ ኮሚቴውን አረካ፤ ማለትም ሰይፈ ሥላሴን። አቶ ምስጋኑ ወደ ትንሿ ጎንበስ አሉና ከላይዋ ያለውን ክንፍ በጣታቸው ነካ አደረጉ። "ለምንድን ነው ክንፏ ሁለት የሆነው? አንዱ አይበቃትም?"

"አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይዞራል" አለች ሔለን። "አንዱ ሊያሽከረክራት ሲል ሌላው ይይዛታል። ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ የምትቆመው በዚህ ምክንያት ነው።"

አቶ ምስጋኑ እጃቸውን ሰበሰቡ። "በአንድ ዘንግ ላይ ሆነው፣ ከአንድ ባትሪ እየበሉ፣ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ?"

"አዎ።"

"ይሄ የአመለካከት አንድነት ነው ትያለሽ?"

"ይሄ ሄሊኮፕተር ነው" አለች ሔለን።

ሰብሳቢው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣት ባለሙያዎች ነገሮችን ከፖለቲካ ነጥለው የማየት ችግር እንዳለባቸው በየስልጠናው ሲነገራቸው የኖረውን አሁን በዓይናቸው አዩት። ትንሿ ሄሊኮፕተር፣ ከውስጧ ሁለት መስመር ይዛ መገኘቷ በዝርዝር ከተገመገመ በኋላ፣ ወደ ካርቶኗ እንድትመለስ ተደረገ። ሁለተኛዋ ከትንሿ ተለቅ፣ ከትልቁ አነስ የምትል ስለነበረች መሀል ሰፋሪ ተብላ ሳትነሳ ታለፈች።

ሦስተኛው ክንድ ያህላል። ጎኑ ብረት ነው፣ ሲነሳ የወፍጮ ቤት ድምፅ አለው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል በሰፊ ሜዳ ላይ ሲበር ያሳያል፤ በአቅራቢያው አንድም ሰው የለም።

"ይኸኛውማ የሜዳ ነው ጌታው" አለ ሞላ። "ልምድ ይፈልጋል። ክንፉ ቀልድ አያውቅም፣ ጣት ይወስዳል።"

"ክንፉ ስንት ነው?"

"አንድ።"

"ወዴት ይዞራል?"

"ወደ አንድ በኩል ነዋ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

አቶ ምስጋኑ ወደ ኮሚቴው ዞሩ። ፊታቸው ላይ እፎይታ ይነበብ ነበር። "ጓዶች፣ አንድ አቋም ያለው እነሆ" አሉ።

"ይሄን አዳራሽ ውስጥ ማብረር አደጋ ነው" አለች ሔለን። "ትንሿ ትሻላለች።" ሐሳቧ በዴሞክራሲያዊ መንገድ ተደመጠ፣ ለሐሳቧም ተመሰገነች፣ ከዚያ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈች። ሞላ እውነቱን አንዴ ተናግሯል። ሁለተኛ ቢናገር ንግዱን በተወ ነበርና ትልቁን ካርቶን በጥሩ ገመድ አስሮ አስረከበ።

አመራር በሰው ፊት አይለማመድም። ስለዚህ አቶ ምስጋኑ ቤታቸው ገብተው በር ዘግተው ተለማመዱ። ሄሊኮፕተሩ በጥሩ ሁኔታ ተነሳ። ጭራው ወደ እሳቸው እስከሆነ ድረስ ትእዛዝ ይቀበል ነበር። አፍንጫውን ወደ እሳቸው ባዞረ ጊዜ ግን ግራ ሲሉት ወደ ቀኝ፣ ቀኝ ሲሉት ወደ ግራ መሄድ አመጣ። አቶ ምስጋኑ ፊቱን አዙሮ የሚመጣባቸው ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። መጋረጃው ተተለተለ፣ ለሰው ሳይሰጡ ከቀሩት ብርጭቆዎችም አብዛኞቹ አለቁ።

ወለተ ሩፋኤል ድምፁ ሲበርድ ከጓዳ ወጣች። "ምስጋኑ፣ አንተ ነህ እሱን የምታበረው ወይስ እሱ ነው አንተን?"

"የሙከራ ምዕራፍ ነው።"

"ይሁን። አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ተሸኝቻለሁ። ቄሱ መርቀውኛል፣ እነ አመተ ጊዮርጊስ አንገቴን አቅፈው አልቅሰውልኛል። ተመልሼ እዚያ ዕድር ውስጥ የምቀመጥበት ፊት የለኝም። በሄሊኮፕተርም ይሁን በእግር፣ ወልድያ አድርሰኝ።"

በማግስቱ አቶ ምስጋኑ ለጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት አቀረቡ። መነሳቱ ሙሉ በሙሉ፣ መብረሩ በከፊል የተሳካ ሲሆን፣ ማረፉ በቀጣይ የትኩረት አቅጣጫ ተይዟል። ሰይፈ ሥላሴ አጨበጨበ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለቡራኬ የተጠሩት አለቃ ገብረ ሊባኖስ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው መድረኩ ላይ ያለውን ብረት ለብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

"ልጄ፣ የሚነሳበትን አሳያችሁኝ። የሚያርፍበት ወዴት ነው?"

"አለቃ፣ እሱ በቀጣዩ ምዕራፍ ነው የተያዘው" አሉ አቶ ምስጋኑ።

"እንግዲያው እኔም በቀጣዩ ምዕራፍ ልምጣ" አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። በዕለቱ ከተሰጡት ውሳኔዎች ሁሉ በጥናት ላይ የተመሠረተው ይህ ብቻ ነበር።

አቶ ምስጋኑ ሪሞቱን ያዙ። ከፊታቸው የሚታያቸው አቶ ቢሆነኝ ሳይሆኑ በጓሮ መንገድ ዘንቢል አንጠልጥላ የምትሄደው ሚስታቸው ነበረች። ጣታቸውን ገፋ አደረጉ። ሄሊኮፕተሩ እያጓራ ተነሳ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ሄሊኮፕተሩ አፍንጫውን ወደ መሪው አዞረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚያስታውስ የለም፤ የሚያይ ሰው አልነበረማ፣ ሁሉም ወንበር ሥር ነበር። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ባለቀለም ወረቀት ተከትፎ ወረደ። የማይክራፎኑ ማቆሚያ ተገነደሰ። የአቶ ቢሆነኝ የመክፈቻ ንግግር ከመነበቡ በፊት አየር ላይ ተበተነ፤ ይህን አንዳንዶች የዕለቱ ብቸኛ ስኬት ይሉታል። "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለው ጨርቅ ጭራው ላይ ተጠምጥሞ ከሁለት ተቀደደ። "እንኳን ደህና" የሚለው ጣሪያው ላይ ቀረ። "መጣችሁ" የሚለው ከጠረጴዛ ሥር ራሳቸውን ብቅ ሊያደርጉ በነበሩት በአቶ ቢሆነኝ አናት ላይ አረፈ። በመጨረሻም ሄሊኮፕተሩ ከዘመናዊው ቀፎ ጋር ተላትሞ ጸጥ አለ። ቀፎው ንብ ያልነበረበት በመሆኑ የአስተባባሪዎቹ አርቆ አስተዋይነት ተደነቀ። የቆሰለ ሰው የለም።

ምሳው አልተሰረዘም፣ ግምገማውም አልተሰረዘም። አቶ ቢሆነኝ በአቧራማ ጉልበታቸው ሰብሳቢ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አቶ ምስጋኑ ግለ ሂስ ለማድረግ ተነሱ። ወልድያ እንደ ጉም በነነችባቸው። የሚዋሹት ነገር ፈለጉ፣ ከድንጋጤ የተነሳ አጡ። ስለዚህ በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገሩ።

"ስለ ሄሊኮፕተር ምንም አላውቅም ነበር" አሉ።

"ምንም?" አሉ አቶ ቢሆነኝ።

"ምንም።"

አቶ ቢሆነኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኮሚቴው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም?"

"እኔ አውቅ ነበር" አለች ሔለን። "ትንሿ እንድትመረጥ፣ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አደገኛ እንደሆነ ተናግሬያለሁ።"

"ተናግረሽ ምን ሆነ?"

"በድምፅ ተሸነፍኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተወሰነ። ዝም አልኩ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ቢሆነኝ ብዙ ለተቸገረ ሕመምተኛ በመጨረሻ መድኃኒቱን እንዳገኘ ሐኪም ፊታቸው ፈካ። "ጓዶች፣ ነገሩ ጠርቷል" አሉ። "የጓድ ምስጋኑ ችግር አለማወቅ ነው። አለማወቅ የአቅም ክፍተት ነው፤ የአቅም ክፍተት በስልጠና ይሞላል። ስልጠናው ያለው ዞን ስለሆነ ጓድ ምስጋኑ ወልድያ ተዛውረው የዞኑን የቴክኖሎጂ መረጣ ክፍል እየመሩ ይሰለጥናሉ። የሔለን ግን ይለያል። እሷ እያወቀች ነው። ትክክለኛውን ሐሳብ ይዛ ታግላ አላታገለችም፣ በአንድ ድምፅ ተሸንፋ ተቀመጠች። ይሄ የአቅም ሳይሆን የአመለካከት ችግር ነው። የአመለካከት ችግር የሚስተካከለው ከታች፣ ከገጠር ቀበሌ ነው።"

ለአቶ ምስጋኑ ወለተ ሩፋኤል በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በየደጁ ሰላም እያለች ስትወጣ ታየቻቸው። ሔለንንም ከልብ አዘኑላት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ተምራለች፤ ትንሽ አለማወቅ እንዴት ያቅታታል?

ሔለን ገና አልተቀመጠችም። "ባላውቅ ኖሮስ?" ብላ ጠየቀች።

አቶ ቢሆነኝ ጥያቄውን በቅን ልቦና አሰቡበት። "ባታውቂ ኖሮ አንቺም ወልድያ ትገቢ ነበር" አሉ።

ያኔ ሰይፈ ሥላሴ እጁን አወጣ። ስለ ሄሊኮፕተር እሱም ምንም እንደማያውቅ፣ ስለያዘው የንብረት ሥራም ቢሆን ያን ያህል እንደማያውቅ፣ ይህም በግለ ሂስነት እንዲያዝለት ጠየቀ። ንግግሩን ሳይጨርስ ከኋላው ሌላ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ረድፉ በሙሉ፤ አቶ ቢሆነኝ ለማን ዕድል እንደሚሰጡ ቸገራቸው።