ቁም ሳጥን ውስጥ የተፈተነችው ኮከብ

[ከቀትር በኋላ ነው። ባልና ሚስት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘግተዋል። ባል ፕላስቲክ የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። በእጁ ራሱ የሠራትን፣ ጨለማ ውስጥ የምታበራ የፕላስቲክ ኮከብ ይዟል። የተሰቀለው ካፖርት የሚስትን አፍንጫ እየኮረኮራት ነው።]

ሚስት፦ ክርንህን ከጎኔ ላይ አንሳልኝ እንጂ!

ባል፦ ክርኔ አይደለም፤ የልብስ መስቀያው ነው። አንቺ ሳይንስ ሲሠራ ዝም ማለት አታውቂም?

ሚስት፦ ሳይንሱ ቁም ሳጥን ካልገባ አይሠራም?

ባል፦ ጨለማ ያስፈልገዋላ!

ሚስት፦ እኔ የሚያስፈልገኝ ልጃችን ዛሬ በራሷ አልጋ እንድትተኛልኝ ነው። «ኮከቧ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ካበራች እሺ» ብላለች። ያለፈችው ኮከብ እኮ «ደህና እደሪ» ብለን ሳንጨርስ ድርግም አለች።

ባል፦ ያቺ እርጥበት ገብቷት ነው። ይቺን በደንብ አድርቄ፣ አየር እንዳይነካት ዙሪያዋን ለብጬያታለሁ። ውስጧ ያለው ዱቄት ብርሃን ይጠጣል፤ ፕላስቲኩ ሰቅዞ ከያዘው ቶሎ አይለቀውም።

ሚስት፦ ታዲያ ዱቄቱን ጨመር ብታደርግበትስ?

ባል፦ ወይ አለማወቅ! ሲበዛ እርስ በርሱ እየተሻማ ብርሃኑን ይጨርሰዋል። ቁንጥር ይበቃል። አሁን ዝም በይ፣ ሰዓት ልይ። [የስልኩን መብራት አብርቶ የእጅ ሰዓቱን ያያል፤ ያጠፋዋል።] ይኸው! አልጠፋችም!

ሚስት፦ እሰይ፣ የኔ ጌታ።

[ጥቂት ቆይቶ ባል እንደገና ያበራል፤ ያጠፋል።]

ባል፦ አየሽ? ጭራሽ ደመቀች!

ሚስት፦ ከቅድሙ ይልቅ?

ባል፦ በቆየች ቁጥር የምትጎለብት ኮከብ! በዓለም የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ሚስት፦ እኔ እንኳ ምኑም አይገባኝ። ግን... ብርሃን ትጠጣለች አላልክም?

ባል፦ ብያለሁ።

ሚስት፦ ታዲያ ሰዓት ባየህ ቁጥር እያጠጣሃት አይደል?

[ባል ስልኩንና ኮከቧን በየተራ ያያል።]

ባል፦ ቤተ ሙከራም ሰዓት የማየው እንዲሁ ነበር።

ሚስት፦ ውጤቱን ለአለቃህ ነግረኸዋል?

ባል፦ አጨብጭቦልኛል።

ሚስት፦ በል ስልኩን ወዲህ በለው። እንዲሁ እንጠብቃለን።

ባል፦ ሳይለካማ ሳይንስ አይ...

ሚስት፦ ዝም!

[ስልኩን ነጥቃ ኪሷ ትከታለች። ኮከቧ ቀስ በቀስ መደብዘዝ ትጀምራለች። ሚስት ዓይኗን ከኮከቧ አትነቅልም፤ «በርቺ እናቴ፣ ትንሽ ብቻ» ትላታለች በሆዷ።]

ሚስት፦ ደከም አለች፤ ግን አለች። ለልጅቷ የምትበቃ ይመስልሃል? ... አንተ? አንተን እኮ ነው!

[ከካፖርቱ ሥር ማንኮራፋት ይሰማል። ኮከቧ አሁንም አልጠፋችም።]

ሚስት፦ [በሩን በቀስታ እየከፈተች] እንግዲህ ልጅቷ በእንቅልፍ በአባቷ ከወጣች፣ ብርሃኑ ይተርፋታል።