ለማርስ ያዘጋጀነውን ውሃ ተፋሁት

ወገን፣ ዲላ ውስጥ የምደበቅበት ጎሬ የሚያከራይ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ! ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ስትሰሙ ትረዱኛላችሁ።

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ውድድር ነበር፤ ሰው ማርስ ቢሄድ በምን ሲስተም በሕይወት ይቆያል? ያሸነፈው ቡድን አዲስ አበባ ሄዶ ያቀርባል። እኔና ጓደኛዬ ሰሚራ ለዚህች ቀን ስንለፋ ከርመናል። ሰሚራማ የቤተሰቧን ሱቅ እየተወች ስትመጣ ስንቱን ቁጣ ችላለች።

ተፎካካሪዎቻችን የመረጡት ውሃውን ሁሉ ከዚህ ጭኖ መሄድ ነው። የእኛ ማሽን ደግሞ የተጓዦቹን ላብና፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንት አጣርቶ መልሶ ያጠጣቸዋል።

አዎ፣ ሽንት! የማን እንደሆነ ኮሜንት ላይ እንዳትጠይቁኝ። ላብራቶሪ ንጹህ ነው ብሎታል።

ዳኛ የነበሩት መምህር ማሽኑ ያጣራውን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አይተው፣ "እስቲ ራስሽ ጠጪው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ እኛ ያልጠጣነውን ማን ይጠጣል? በኩራት አነሳሁት።

ስርርርርፕ! አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

ከዚያ አጠገቤ የነበረው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ... ትፍ!

ወይኔ ጉዴ!

አያችሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ይርጋጨፌ ቡና ቀማሽ ሆኜ እሠራለሁ። ቡና ቀማሽ ድምፅ አውጥቶ ይስባል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልላል፣ ይተፋል። ቀኑን ሙሉ ሲተፋ የሚውል አፍ ስለ ማርስ ምን ያውቃል?

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከተፎካካሪዎቻችን አንዱ፣ "በቃ ማርስም ትቅር!" ብሎ ጮኸ። ሰሚራ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

መምህሩ ግን አልሳቁም። "ምን ምን ይላል?" አሉኝ።

የለመድኩት ጥያቄ ስለሆነ አፌ ቀደመኝ። "ንጹህ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ትንሽ ጎማ ጎማ ይላል።"

የገዛ ማሽኔን አሳጣሁት! እንባዬ መጣ።

መምህሩ ወደ ማሽኑ ሄደው ቱቦውን ዳሰሱት። እውነትም ርካሽ የጎማ ቱቦ ነው። ከዚያ በሌላ ብርጭቆ ቀድተው ግጥም አደረጉት።

"ቱቦ ይቀየራል" አሉ። ወደ ተፎካካሪዎቻችን ዞረው፣ "እናንተ የጫናችሁት ሲያልቅስ?"

ቅድም የጮኸው ልጅ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ።

አዲስ አበባ የምንሄደው እኛ ነን!!! ሰሚራ እየመታችኝም እያለቀሰችም አቀፈችኝ። እኔም እንባዬን ለቀቅኩት። የምሬን ነው፣ ዲላ ላይ የታሰበ ነገር አንድ ቀን እዚያ ቀይ አፈር ላይ የሰው ጥም ሊቆርጥ እንደሚችል ዛሬ አመንኩ።

መምህሩ ሲወጡ ግን ጠጋ ብለው፣ "አዲስ አበባ ስትደርሺ ዋጪው እሺ?" አሉኝ።

እናንተዬ፣ ለትልቅ ሰው መዋጥ የሚያስተምር ታውቃላችሁ?