ቀኝ እጅህን አሳይ

ጡረታ የወጣ ፖሊስ የማይቀመጥበት ፀጉር ቤት በዓለም ላይ የለም። የእኛ ሰፈር ሊቅ፣ የዱርዬ ታሪክ መምህር፣ ክቡር ሃምሳ አለቃ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ከያዙ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሊቆረጡ እንዳይመስላችሁ፤ መላጣ ናቸው።

"የዛሬ ዱርዬ ደግሞ ዱርዬ ነው እንዴ?" ብለው ይጀምራሉ። የወንዝ ማዶዎቹና የገበያ ጀርባዎቹ በአንድ ኳስ ሰበብ አሥር ዓመት እንደተፈነካከቱ፣ ማን ጩቤ ታጥቆ እናቱን ይፈራ እንደነበር አንድ በአንድ ይተርኩታል። አንዴ አንድ የተከበረ የባንክ ኃላፊ ጢሙን ሊላጭ ሲገባ፣ "አንተ! የገበያ ጀርባው ጮሌ አይደለህም?" አሉት። ሰውዬው ግማሽ ጢሙን ይዞ ወጣ።

ሃምሳ አለቃ የራሳቸው የምርመራ ዘዴ ነበራቸው። ድንጋይ በተወረወረ ቁጥር ያገኙትን ጎረምሳ ሁሉ ያሰልፉና "ቀኝ እጅህን አሳይ!" ይላሉ። አቧራ የነካው ወደ መኪናው፣ ንጹሑ ወደ እናቱ። "አንድም ቀን አልተሳሳትኩም" ይላሉ፣ የሚያነክሱበትን ጉልበት እያሻሹ።

እኔ ግራኝ ነኝ።

ያንን ጉልበት የመታው ድንጋይ የእኔ ነው። ስንሰለፍ ቀኝ እጄ ንጹሕ ነበር። አጠገቤ የቆመው የአክስቴ ልጅ ግን ግንበኛ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ነው የያዙት፣ መዳፉ ሲሚንቶ ለብሷል። "ከሥራ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ" አለና ዞሮ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ስምንት ወር ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን እሱ ነው የለሰነልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም፣ እኔም እንደ ደህና ሰው ዝም አልኩ። አፍራለሁ።

ፀጉር ቤት ስገባማ ሁሉን በቀኝ እጄ ነው የማደርገው። በሻይ ስንት ሱሪ አበላሽቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ማጅራቴን ሊያሳየኝ ያነሳው መስታወት አመለጠው። ቀለብኩት፤ በግራ እጄ።

ሃምሳ አለቃ ወሬያቸውን አቋረጡ። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

"ሃምሳ አለቃ፣ ያ ድንጋይ..." አልኩ።

"ያ ግንበኛ ልጅ ሲፈታ አንድ ነገር ብቻ አለኝ" አሉ ቀስ ብለው። "'ግራ እጃቸውንም ማየት ነበረብዎት' አለኝ። ስም ጥራ ስለው እምቢ አለ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓመት እዚህ የተጎለትኩት ፀጉር ልቆረጥ መሰለህ? ግራኝ ስፈልግ ነው።"

"ይያዙኝ" አልኳቸው።

"በምን ሥልጣን? ጡረተኛ ነኝ እኮ።" ከዘራቸውን ፈልገው ተነሱ። "በየእሁዱ ይቅርታ ልጠይቀው በሩ ድረስ እሄድና ስለ ኳስ አውርቼ እመለሳለሁ። በል ተነስ፣ አብረን እንሂድ። ብቻዬን አፍራለሁ።"

ግማሽ ፀጉሬን ተቆርጬ ተከተልኳቸው።