የዳዊት እናት ፎቶና የቢሯችን ፕሪንተር

ፕሪንተር ሰው የቸኮለበትን ቀን ያሸታል ልበል? ሥራ በሌለ ቀን እንደ ወፍጮ ሲፈጭ ይውላል። በጭንቅ ቀን ግን ምራቷን እንዳኮረፈች አማት ዝም። መብራቱ እንኳ አይጠፋም፤ እንዲያውም የሚያናድደው እሱ ነው።

የእኛ ቢሮ ጁባ ወደብ አጠገብ ነው። በጀልባ ለሚጫን ዕቃ ወረቀት እናዘጋጃለን። ኮምፒውተሩ ብዙ፣ ፕሪንተሩ አንድ። የሁላችንም ሥራ መጀመሪያ ሰርቨር የሚሉት ሣጥን ዘንድ ሄዶ ይሰለፋል፤ ከዚያ በተራው ይወጣል። ፊተኛው ከተገተረ ኋለኛው ሁሉ ይገተራል። ሙኑኪ ሰፈር መንገድ መሃል አንድ ሚኒባስ ሲበላሽ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። ይህን ያስረዳኝ ዳዊት ነው፤ ኮምፒውተር የሚጠግንልን የሆሳዕና ልጅ። የጸሎት ሰው ነው፤ ሰርቨሩን እንኳ ሳይጸልይ አይከፍትም።

በቀደም እህቱ ከሆሳዕና ደወለችልኝ። እናታቸው አርፈዋል። «እትዬ፣ አደራ፣ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ» አለችና ለቅሶ ቀደማት። እንግዲህ መርዶ ወግ አለው። ማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። ለማግስቱ ጠዋት ቀጠርን። የሚያረዱት የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተርና ሐጂ ኑሩ ሆኑ። ሐጂ የስኳር ጅምላ ነጋዴ፣ የቢሯችን ደንበኛ ናቸው፤ ዳዊትን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት።

የቀረው እህቱ የላከችልኝ የእናቲቱ ፎቶ ነበር። ለለቅሶ ቤቱ ጎላ ብሎ መታተም አለበት። ሙኑኪ ፎቶ ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ ባለቤቱ የዳዊት ወዳጅ ነው፣ አፉም ቁልፍ የለው። ዳዊት ያን ቀን ሌላ ሰፈር ሥራ ስለነበረው፣ እዚሁ ቢሮ እናትመው አልን።

«አትም» የሚለውን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ጋምቤላ ያደገችው ጸሐፊያችን ጆይስ፣ «እትዬ፣ እጅዎ ከብዶ ነው፤ እስቲ ይነሱ» ብላ እሷም ተጫነች። መሪ እንጂ ሌላ ነክቶ የማያውቀው ሾፌራችን ሳይቀር ተጫነ። ሰው አንኳኩቶ በር ካልተከፈተለት ምን ያደርጋል? አጥብቆ ያንኳኳል!

በዚህ መሃል ሐጂ ኑሩ እየተንደረደሩ ገቡ። ጀልባው ሊነሳ ነው፤ የስኳራቸው ወረቀት አልወጣም። «ምን ትጠብቃላችሁ? ዳዊትን ጥሩታ!» ብለው ጮኹ። ዓይኔን አፈጠጥኩባቸው። የት ሊገባቸው! ራሳቸው ደወሉለት። መንገዱን የዘጋው የእናቱ ፎቶ መሆኑን በጆሯቸው ስነግራቸው፣ «ያ አላህ!» አሉና ወንበር ፈለጉ።

ዳዊት በቦዳቦዳ ሞተር ከተፍ አለ።

«እትዬ፣ ደግሞ ምን አደረጉት?»

«ዝም ብለህ አጥፍተህ አብራው፣ ዳዊቴ።»

«ፋኖስ መሰለዎት እንዴ?» አለና ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ደግነቱ ምስሉ አይታይም፤ ስሙም የቁጥር ጥርቅም ነው። ለካ ፕሪንተሩ ትልቁን ወረቀት እየጠበቀ ኖሯል፤ እኛ ያስገባነው ትንሹን። ዳዊት የተደረደረውን ለጊዜው አቆመና የሐጂን ወረቀት አስቀድሞ አወጣላቸው። ሐጂ ግን ወረቀቱን ይዘው ንቅንቅ አላሉም። ጀልባው ቢሄድም ይሂድ።

«ይኼኛውስ የማን ነው?» አለ ዳዊት።

«የእኔ ነው፤ ሰርዘው!» አልኩ እየተጣደፍኩ።

አጣዳፊ ሥራዬን በይሉኝታ የተውኩ መስሎት አዘነልኝ። «የእርስዎማ ከሆነ አይሰረዝም» አለና ትልቁን ወረቀት ከመደርደሪያ አውርዶ ፕሪንተሩን አጎረሰው።

ሮጬ ገመዱን ልንቀል? እስክወስን ፕሪንተሩ ቀደመኝ። እናቱ ወጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በፍንጭታቸው ፈገግ ብለው። ደግሞ ወጡ። ደግሞ።

ዳዊት አንዱን አነሳ። ሐጂን አየ፣ ጆይስን አየ፣ እኔን አየ።

«መቼ?» አለ።

ሐጂ ለማግስቱ ያሰናዱት ንግግር ነበራቸው፤ በምሳሌ የተዋዛ። አንዱም አልመጣላቸው። እቅፍ አድርገውት አብረው አነቡ። እኔ ከኋላው ያዝኩት። ጆይስ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለች በዐረብኛ እያጽናናችው ፕሪንተሩን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው፤ ይጨርስ» አለ።

ተቃቅፈን ቆመን አስጨረስነው።

አትላባራ ሰፈር ያለው ለቅሶ ቤት ፎቶ በፎቶ ሆነ። ምን እናድርግ? የእናት ፊት አይጣል! በሦስተኛው ቀን አንዲት ዓይናቸው ደከም ያለ እናት ሊያለቅሱ መጡ። ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኙና ዳዊት አጠገብ ቁጭ አሉ።

«አይ ልጄን! ለመሆኑ ስንት እናት ነው የሞተብህ?»

ሁለት ቀን ሙሉ አቀርቅሮ የነበረው ዳዊት ቀና አለ።

«አንዲት ናት፣ እማማ» አለ። «የሚወደኝ ሰው ነው የበዛው፤ ሁሉም ተጫኗት።»

ከዚያ ሳቀ። ሐጂ ሳቁ። እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው ይላሉ። ይበሉ። ባለ ሐዘኑ ከጀመረው ምን ይደረጋል? የሄድነው ልናግዘው አይደል?