አስራ አንድ ሰው እምቢ ያለው ወንበር

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር እስከ አስር ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጅማ ቦሳ አዲስ ቀበሌ፣ አንድ ወንበር በነጻ ለአስራ አንድ ሰዎች ቀርቦ አስራ አንዱም «አይ» ብለዋል። ወንበሩ ሙሉ ጤነኛ ነበር። ሰዎቹም እንደዚያው።

ይህችን አገር የጎዳት ሌባ ነው ይባላል። ሃያ ዓመት በዘገባ ሥራ ላይ ቆይቼ እኔ ያረጋገጥኩት ግን ሌላ ነው። ሌባ የወሰደው ዕቃ ቢያንስ አንድ የሚፈልገው ሰው እጅ ይገባል። ጨዋ ሰው እምቢ ያለው ዕቃ ግን የትም ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። አይ፣ ይሄስ ተጋኗል ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሰሚራ የኮምፒውተር መምህርት ናት። ቦሳ አዲስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ቅዳሜና እሑድ ለተማሪዎች ኮዲንግ ታስተምራለች። በየዓመቱ የልጆች የኮዲንግ ውድድር ማዘጋጀት ትፈልጋለች፤ «ትፈልጋለች» ያልኩት ባለፈው ዓመት ስላልተሳካላት ነው። ያኔ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የየቡ ከተማ ተማሪዎች ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆሙ። አውቶቡስ አልመጣም፤ ገንዘብ አልሞላም ነበርና። እስከ አምስት ሰዓት ቆመው ወደየቤታቸው ተመለሱ። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮዱን በደብተር እየጻፉ የተለማመዱ ልጆች ናቸው። ሰሚራ ይህን ስታወራ ድምጿ ይለወጣል፤ ስለዚህ አዘውትራ አታወራውም።

ዘንድሮ ዘዴ አመጣች። «የጅማ ኮደሮችና ወዳጆች» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ አላት። የአካባቢው ሰው እዚያ እንዲያዋጣ፣ ለግሩፑም አንድ ጥሩ ሽልማት በዕጣ እንዲወጣ አሰበች። ሽልማቱን የሰጡት ሀጂ ሙስጠፋ ናቸው፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር የጅማ ወንበር ሲሠሩ የኖሩ ጠራቢ ናቸው። ሀጂ መጀመሪያ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ያ ሰሚራ፣ ይሄ ቁማር አይደለም ወይ?»

«ወላሂ አይደለም፣ ሀጂ። ትኬት የለም። የሰጠም ያልሰጠም እኩል ዕጣ ውስጥ ይገባል። መዋጮው የልጆቹ ነው፤ ወንበሩ ደግሞ የሰው ስጦታ።»

ሀጂ ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን አራት ሰው አሸክመው መጡ። መደገፊያው ላይ የቡና ቅርንጫፍ ተቀርጾበታል። ንጉሥ ቢያየው የራሱን ዙፋን ለጎረቤት ይሰጥ ነበር።

እኔ የገባሁት በታዛቢነት ነው። ሰሚራ የመረጠችኝ «ጋሼ፣ እርስዎ ያላረጋገጡትን አይናገሩም» ብላ ነው። እውነት ነው። ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንደኛ፣ ዕጣው ውስጥ የግሩፑ አባል ሁሉ ያለ ልዩነት ይገባል። ሁለተኛ፣ እስከ ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ሽልማቱ ባለቤት ካላገኘ መዋጮው ሁሉ ለየሰጪው ይመለሳል። ይህንን ሁለተኛውን የጨመርኩት በሕዝብ መዋጮ ስንት ሐሜት እንደዘገብኩ ስለማውቅ ነው። ይሉሽን በሰማሽ ገበያም ባልወጣሽ፤ እኔ ግን ሰምቼም ልወጣ ስለሆነ አጥር አጠርኩ።

ዕጣውን በቴሌግራም በራሱ የሚያወጣውን ፕሮግራም፣ ቦቱን፣ የሠራው ያሬድ ነው፤ ከደብረ ብርሃን መጥቶ እዚሁ ጅማ ኮሌጅ የሚማር ወጣት። የእሱ ቦት በመጀመሪያ የአሸናፊውን ስም ብቻ ነበር የሚለጥፈው። አስቆምኩት።

«አንድን ሰው ሳትጠይቅ ስሙን አታወጣም» አልኩት። «መጀመሪያ ይቀበል እንደሆነ ጠይቅ።»

«ጋሼ፣ ነጻ ወንበር ማን እምቢ ይላል?»

«ያልጠየቅከው ሰው ምን እንደሚል አታውቅም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር በኩራት ነበር የተናገርኳት። መልእክቱንም ራሴ ጻፍኩት፦ «እንኳን ደስ ያለዎት። የጅማ ወንበር ደርሶዎታል። ይቀበላሉ?» ከሥሩ ሁለት ቁልፎች፤ «አዎ» እና «አይ»። መልሱ የመጨረሻ ነው። «አይ» ካለ ቦቱ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል።

ቅዳሜ ዕለት ወንበሩን ከክፍሉ ራስጌ አስቀመጥነው። የገባው ሰው ሁሉ «እዚህ ይቀመጡ» ሲባል «ኧረ እዚሁ ይበቃኛል» እያለ በሩ አጠገብ ያሉት ፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተጣበቀ። አምስት ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ማስታወሻዬ ላይም «ሕዝቡ በር አካባቢ ተጨናንቋል» ብዬ መዝግቤያለሁ። ማስረጃ ዓይን ሥር ተቀምጦ ሲያልፍ እንዲህ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ላይ ያሬድ ቦቱን ለቀቀው። ዘጠኝ ሰዓት ከአስራ አራት ላይ ግሩፑ ላይ ይህ ተለጠፈ፦ «ዕጣ አንድ፦ ጋሽ ታምራት፣ አጋሮ። አልተቀበሉም።»

ጋሽ ታምራት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደቂቃ ሳይቆይ ስልኬ ጠራ።

«ወንበሬን ማን ይዞልኝ ይመጣል?»

«ጋሽ ታምራት፣ አይ ብለዋል እኮ።»

«አይማ እላለሁ። ታዲያ ዓይኔን አፍጥጬ አምጡ ልበል?»

«ቦቱ እምቢታዎን ተቀብሎ አልፏል።»

በሐዘን «አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ?» አሉ። «የማን ልጅ ነው እሱ?»

«የያሬድ።»

«ለያሬድ ንገረው፤ አላሳደገውም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ደንቡ ደንብ ነው አልኳቸው። እስካሁን ሰላምታችን እንደ ቀድሞው አይደለም።

ሁለተኛዋ ወይዘሮ ዘይነባ ነበሩ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ። እሳቸውም «አይ» አሉ። ሦስተኛው አሰንዳቦ ምግብ ቤት ያለው ሰው፤ «አይ»። ከሦስተኛው በኋላ ነገሩ ከጨዋነት አልፎ የክብር ጉዳይ ሆነ። ጋሽ ታምራትን የመሰለ ሰው የተወውን፣ ወይዘሮ ዘይነባ ያላነሱትን፣ ማን ደፍሮ ያነሳል? አራተኛው፣ የቡ ያለ የቡና መፈልፈያ ተቆጣጣሪ፣ «ትላልቆቹ ሳይወስዱ?» ብሎ ጽፎ «አይ»ን ተጫነ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት... አስራ አንደኛው ወጣት ደወለልን።

«እኔማ ወንበሩን ፈልጌው ነበር» አለ። «ግን አስር ሰው የጣለውን ላነሳ? ሼም ነው አቦ።»

ግሩፑ ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም።

«ወንበሩ ምን ሆኖ ነው?»

«እግሩ ተሰብሯል መሰለኝ።»

«ሦስት እግር ብቻ ነው ያለው አሉ።»

«ድሮስ ስንት ነበረው?»

«እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

ሀጂ ሙስጠፋ ይህንን ሰሚራ ስታነብላቸው ሰምተው ተነሱ። ወንበሩን አገላብጠው አዩት። እግሮቹን ቆጠሩ። ሦስት ናቸው። እኔም ቆጠርኩ፤ ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋልና።

«ስንት ዓመት ወንበር ስሠራ» አሉ ሀጂ፣ «ተወደደብኝ ያለኝ አለ። በነጻ እምቢ ያለኝ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።»

አስር ሰዓት ከሩብ። የሰሚራ ስልክ ጠራ። ከድር ነው፤ ነገ እሑድ የየቡን ልጆች ለውድድሩ እንዲያመጣ የተነጋገርነው የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሾፌር።

«መምህርት፣ ቀብዱ እስከ አስራ አንድ ካልገባ ነገ ሰርገኛ ነው የማመላልሰው። እየለመኑኝ ናቸው።»

«ከድር፣ ማሎ፣ ትንሽ ጠብቀኝ።»

ማሎ በኦሮምኛ «እባክህ» ማለት ነው፤ ጅማ ውስጥ ግን አማርኛም ነው። ሰሚራ ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ደንብ ቁጥር ሁለትን ማን እንደጻፈው ሁላችንም እናውቃለን። መዋጮው ሞልቷል፤ ግን ወንበሩ ባለቤት ካላገኘ ሁሉም ይመለሳል። የየቡ ልጆች ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ይቆማሉ።

በዚህ መሃል ሀጂ ወደ ያሬድ ጠጋ ብለው የኮምፒውተሩን መስታወት አተኩረው አዩ።

«ልጄ፣ ይሄ የሠራኸው ነገር ሰውን ስንት ጊዜ ነው የሚለምነው?»

«አንድ ጊዜ፣ ሀጂ።»

«አንድ ጊዜ?»

«ሰውዬው አይ ብሎ መልሷላ።»

«አይ መልስ አይደለም» አሉ ሀጂ። «መጀመሪያ ነው።»

በሩ አጠገብ የተጨናነቁት አምስት ሰዎች ባዶውን ወንበር አዩት፤ እርስ በርስም ተያዩ።

«እናንተ አገር አይለመንም እንዴ?» አሉት ሀጂ።

«እናቴ እንጀራ ስታቀርብ እስክትጣላኝ ነው የምትለምነኝ» አለ ያሬድ።

«ታዲያ እንዴት ረሳኸው?»

«የተሰጠኝ ጽሑፍ ላይ አልነበረማ» አለና ዞሮ አየኝ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ አንድ ነገር የምጽፍ መሰልኩ።

ያሬድ ቦቱን እንደገና ለመሥራት ተቀመጠ። አሁን ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ ነው። በመጀመሪያው ዝም ብሎ ይጠይቃል። በሁለተኛው «ማሎ፣ አያሳፍሩን» ይላል። ለሦስተኛው ያሬድ «በሞቴ» ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ እኔ ተቃወምኩ።

«ቦት አይሞትም። የማይሞት ነገር በሞቴ ቢል ሐሰተኛ መረጃ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ይዩት።»

«አይቼዋለሁ። ሐሰት በማንኛውም ሰዓት ሐሰት ነው።»

«በእኔ ሞት ይበል» አለች ሰሚራ። «እኔ እሞታለሁ። አሁን የምሞት መስሎኛል እንዲያውም።»

«በሰሚራ ሞት» ተብሎ ተጻፈ። እውነትነቱን አጸደቅኩ።

እምቢ ያሉትን መልሰን እንጠይቅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልፈቀድኩም፤ መልሱ የመጨረሻ ነው ብለን ለጥፈናል። አስር ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ላይ አዲሱ ቦት አስራ ሁለተኛውን ዕጣ አወጣ። እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ስልክ ጮኸ። የሀጂ ሙስጠፋ ነበር። ያለ ልዩነት ብለናላ።

ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «አይ።» ቦቱ ማሎ አለ። «አይ።» ቦቱ በሰሚራ ሞት አለ። ሀጂ ሰሚራን ቀና ብለው አዩ።

«ልጄ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። የሰጡትን መልሶ መውሰድ ግን ደግ አይደለም። አይ።»

ይሄ የይሉኝታ አልነበረም፤ እውነተኛው «አይ» ነው። ልዩነቱን ያኔ ነው ያየሁት። አስር ሰዓት ከአርባ ስድስት ሆነ። ያሬድ አስራ ሦስተኛውን አወጣ። አሁንም እዚያው ክፍል ውስጥ ስልክ ጮኸ።

የእኔ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። አስራ አንድ ሰው በይሉኝታ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በደቂቃ መዝግቤያለሁ። «አይ» ብል ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ጅማ ውስጥ የለም። ስልኩን ከፈትኩ። «ይቀበላሉ?» ይላል። አውራ ጣቴ ሳያማክረኝ ሄዶ «አይ»ን ተጫነ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለች ሰሚራ።

«እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው» አልኩ።

ቦቱ ቀጠለ። «ማሎ፣ አያሳፍሩን።» አሁን ጣቴን ይዤ ማሰብ ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከምዘግብለት ሰው አንድ ምሳ፣ አንዲት እስክሪብቶ ተቀብዬ አላውቅም። አሁን ታዛቢ ሆኜ በገባሁበት ዕጣ ሽልማቱን ልወስድ ነው። ግሩፑ ምን እንደሚል ሳይለጠፍ አነበብኩት። ሀጂ ወንበሩ ጎን ቆመው ያዩኛል። ያሬድ ሰዓቱን ያያል። የከድር ስልክ ደግሞ እንደገና ይጠራል፤ ሰሚራ አታነሳውም። «አይ»ን ተጫንኩ። ይህኛውን አስቤ ነው።

ሦስተኛው መጣ። «በሰሚራ ሞት ይቀበሉን።» ቀና አልኩ። ሰሚራ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ስልኩን አታይም። ወደ መንገዱ የሚያወጣውን በር ነው የምታየው።

አስር ሰዓት ከሃምሳ አራት ላይ «አዎ»ን ተጫንኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሀጂ። ሰሚራ ቀብዱን ላከች። አስር ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ ከድር «ደርሶኛል፤ ሙሽራው ሌላ ይፈልግ» ብሎ መለሰ። በዚያው ደቂቃ ግሩፑ ላይ የመጀመሪያው አስተያየት ገባ፦ «ታዛቢው ራሱ?» ሁለተኛው የጋሽ ታምራት ነበር፦ «እኛ እምቢ ያልነው እሱ እንዲወስደው አልነበረም።»

ቃለ ጉባኤው መፈረም ነበረበት። «ሽልማቱን የተቀበለ» በሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ። «መቀበሉን በገለልተኛነት ያረጋገጠ» በሚለውም ላይ ስሜን ጻፍኩ። ሁለቱም መረጃዎች ትክክል ናቸው።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የከድር ቅጥቅጥ ሃያ ሁለት የየቡ ተማሪዎችን ይዞ ቦሳ አዲስ ደረሰ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ያሬድም ቆጥሯቸዋል። ከመካከላቸው ሁለት ሴት ተማሪዎች በጋራ ተወዳድረው ሁለተኛ ወጡ። ኮዳቸውን መጀመሪያ በደብተር ጽፈው ነው ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት።

ወንበሩ ሳሎኔ ራስጌ ላይ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ታምራት ከአጋሮ ድረስ ሊያዩት መጡ። እንዲቀመጡበት ሦስት ጊዜ ለመንኳቸው። በሩ አጠገብ ያለው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተው ሄዱ።